ንግግሩና አውቶቡሱ፦ የማርቲን ሉተር ኪንግ አንድ ቀን በደብሊን ቤተ ክርስቲያን

ማርቲን ሉተር ኪንግ ጁንየር ያደገው አባቱ መጋቢ በነበሩባት በአትላንታዋ አቤንኤዘር ባፕቲስት ቤተ ክርስቲያን እንደ ሆነ በሰፊው ይታወቃል። በወጣትነቱ ታሪክ ግን ከአንድ ቀን ጋር ብቻ ተያይዛ የምትነሣ ሌላ ቤተ ክርስቲያን አለች፤ በዚያው በጆርጂያ ግዛት፣ ከአትላንታ በስተደቡብ ምሥራቅ በደብሊን ከተማ የምትገኘው ፈርስት አፍሪካን ባፕቲስት ቤተ ክርስቲያን። ኤፕሪል 17 ቀን 1944 (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት ሁሉ እንደ ጎርጎርዮሳዊው አቆጣጠር ናቸው) የ15 ዓመቱ ተማሪ ኪንግ በዚህች ቤተ ክርስቲያን በተካሄደ የንግግር ውድድር ላይ «ጥቁሩ ሕዝብና ሕገ መንግሥቱ» የሚል ርእስ ይዞ ቀረበ።

የሕይወት ታሪኩን የሚተርኩ ሰዎች ይህን ቀን የሚያነሡት ግን በአብዛኛው ከንግግሩ በኋላ በአውቶቡስ ውስጥ ስለ ደረሰው ነገር ነው። ይህ አጭር ጽሑፍ ሚዛኑ ወደ ንግግሩ ማዘንበል እንደሚገባው ያመለክታል።

ውድድሩን ያዘጋጀው ኤልክስ በመባል የሚታወቀው የጥቁር አሜሪካውያን የወንድማማችነት ማኅበር ነበር። ስፍራው ቤተ ክርስቲያን መሆኑ አያስደንቅም። የዘር መለያየት ሕግ በጸናበት ደቡብ፣ ጥቁሮች የማንንም ፈቃድ ሳይጠይቁ ሊሰበሰቡባቸው የሚችሉት ሰፋፊ አዳራሾች በአብዛኛው የራሳቸው አብያተ ክርስቲያናት ነበሩ። በመሆኑም አንድ ታዳጊ ስለ ሕገ መንግሥት ሊሟገት የቆመው ዘወትር ስብከት በሚሰማበት ስፍራ ነው፤ ንግግሩም ሁለቱን ቋንቋዎች፣ የሕግንና የወንጌልን፣ አቀላቅሎ ይዟል።

የንግግሩ ጽሑፍ በዚያው ዓመት በሜይ ወር በትምህርት ቤቱ ዓመታዊ መጽሔት ስለ ታተመ ይዘቱን ማወቅ እንችላለን። ተናጋሪው ሰዎች ሁሉ እኩል ናቸው ብላ የተመሠረተች አገር ባርነትን ማቆየቷን እንደ ግራ አጋቢ ተቃርኖ ያቀርባል። ከዚያም ዘማሪቷን ማሪያን አንደርሰንን በምሳሌነት ይጠራል። በ1939 በዋሽንግተኑ ኮንስቲቱሽን አዳራሽ እንዳትዘምር ተከልክላ፣ በሊንከን መታሰቢያ ፊት በ75,000 ሰው መካከል የዘመረችው ይህች ሴት፣ ይህ ሁሉ ክብር እያላት በገዛ አገሯ በደኅና ሆቴል ማደር አትችልም ነበር። በመጨረሻም 13 ሚሊዮን ጥቁሮች የሕገ መንግሥቱ 13ኛ፣ 14ኛና 15ኛ ማሻሻያዎች ከታተመ ወረቀት ወጥተው በገሐድ እንዲፈጸሙ መታገላቸውን እንደሚቀጥሉ ይናገራል። ቋንቋው እጅግ የተስተካከለ ነውና የጎልማሳ እጅ ሳያርመው አልቀረም ብሎ መገመት ይቻላል። ይህ ግን የሙግቱን ክብደት አይቀንሰውም፤ እንዲያውም ሐሳቡ የአንድ ልጅ ብቻ ሳይሆን ያስተማረው ማኅበረሰብም እንደ ነበር ያመለክታል።

ጊዜውንም ማስተዋል ያስፈልጋል። ከውድድሩ ሁለት ሳምንት ቀደም ብሎ፣ ኤፕሪል 3 ቀን፣ የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ስሚዝ በኦልራይት ላይ ባቀረበው ክስ የቴክሳስ ዴሞክራቲክ ፓርቲ ጥቁሮችን ከዕጩ መምረጫ ማግለሉ ከ15ኛው ማሻሻያ ጋር እንደሚጋጭ ወስኖ ነበር። ጆርጂያ ግን በዚያው ክረምት፣ በጁላይ 4ቱ ምርጫ፣ ጥቁር መራጮችን መልሳለች። ስለዚህ የማሻሻያዎቹ ጉዳይ በዚያ ወር የትምህርት ቤት መልመጃ ብቻ አልነበረም።

አሁን ወደ አውቶቡሱ። በጃንዋሪ 1965 በታተመ የመጽሔት ቃለ ምልልስ ኪንግ እንዳወሳው፣ ውድድሩን አሸንፎ ከመምህርቱ ጋር ወደ አትላንታ ሲመለሱ ሾፌሩ መቀመጫቸውን ለነጮች እንዲለቁ አዘዛቸው፤ ሲዘገዩም ሰደባቸው። እርሱ አልነሣም ብሎ ነበር፤ መምህርቱ ግን ሕግ ነውና እንታዘዝ ብላ አስነሣችው። 90 ማይል ያህል ቆመው ተጓዙ። በሕይወቱ እንደዚያ ቀን ተቆጥቶ እንደማያውቅም ተናግሯል።

ምስክርነቱ ውድ ነው፤ ቢሆንም ከ20 ዓመት በኋላ የተነገረ ትዝታ ነው። በወቅቱ 14 ዓመቴ ነበር ይላል፤ የተወለደው በጃንዋሪ 1929 ስለ ሆነ 15 ሞልቶት ነበር። ከደብሊን እስከ አትላንታ ያለው መንገድም ከ90 ማይል ይበልጣል፤ ቁጥሩ የሚቀርበው በመንገዱ ላይ ከምትገኘው ከሜከን እስከ አትላንታ ላለው ርቀት ነው። ምናልባት ተነሡ የተባሉት እዚያ ይሆናል። እነዚህ ልዩነቶች ድርጊቱን አያስተባብሉም፤ ነገር ግን ዕድሜና ርቀት ሲጠቀሱ ትዝታውን ብቻ መደገፍ እንደማይበቃ ያሳያሉ።

ከዚህ የሚበልጠው ጥያቄ ግን የትርጓሜ ነው። ትዝታውን ብቻ የያዘ ታሪክ የኪንግን ትግል ከአንድ ውርደት የተወለደ ቁጣ ያደርገዋል። ቅደም ተከተሉ ግን ሌላ ነው፦ ቁጣው የመጣው ሙግቱ ከተነገረ በኋላ ነው። በቤተ ክርስቲያኒቱ ስለ 14ኛው ማሻሻያ የተናገረው ልጅ፣ ከመድረኩ በወረደበት በዚያው ቀን ተነሥ የሚለውን ትእዛዝ በሕግ ስም ሰማ። ሁለት ሕጎች በአንድ ቀን ተጋጩበት፤ አንደኛውን የአገሪቱ ሕገ መንግሥት፣ ሌላውን የግዛቲቱ ልማድና ደንብ ደግፈውታል።

የሞንትጎመሪው የአውቶቡስ አድማ በዲሴምበር 1955 ሲጀመር ኪንግ 26 ዓመቱ ነበር። አድማው ከአንድ ዓመት በላይ ቆየ። በከተማይቱ አውቶቡሶች የነበረውን መለያየት በመጨረሻ የሻረው ብራውደር በጌይል ላይ በተባለው ክስ የተሰጠው የ1956ቱ ውሳኔ ነው፤ ፍርድ ቤቱም የጠቀሰው 14ኛውን ማሻሻያ ነበር።