ፋይል የሌለው ጉድጓድ

ገበሬው «የእጅ ጉድጓዴ ከጥር ጀምሮ ይደርቃል» ይላል። የውኃ ማሸጊያው ፋብሪካ ተወካይ «የእኛ ፓምፕ የሚስበው ከ200 ሜትር በታች ነው፤ የእናንተ ጉድጓድ 12 ሜትር አይሞላም፤ ምን አገናኘን?» ብሎ ይመልሳል። ከዚያ እንደ እኔ ያለ የከርሰ ምድር ውኃ ባለሙያ ይጠራና ፍረድ ይባላል።

ሁለቱም እውነት ሊኖራቸው ይችላል። ፓምፕ ሲነሳ በዙሪያው ያለው ውኃ ይወርዳል፤ ዝቅታው ከጉድጓዱ አጠገብ ይበረታል፣ እየራቀ ሲሄድ ይቀንሳል። የት ድረስ እንደሚዘልቅ የሚወስነው ድንጋዩ ነው። በላይኛውና በታችኛው ውኃ መካከል ወፍራም ሸክላ ካለ የገበሬው ጉድጓድ ላይነካ ይችላል። በደጋው እንደሚበዛው የተሰነጣጠቀ ባዛልት ከሆነ ግን ስንጥቁ ላይና ታቹን ያገናኛል። ቁፋሮው ራሱም ሊያገናኝ ይችላል፤ በቱቦው ዙሪያ ያለው ክፍተት በሲሚንቶ ወይም በሸክላ በሚገባ ካልተደፈነ የላይኛው ውኃ በዚያው ሾልኮ ይወርዳል። ስለዚህ ቦታው ስደርስ ከጥልቀቱ በፊት የምጠይቀው ስለ አደፋፈኑ ነው።

የነዋሪውን ቁጣ ካለማወቅ የመጣ አድርገው የሚያዩ አሉ። ሒሳቡ ግን ከእሱ ጋር ነው። በሰከንድ 10 ሊትር የሚሰጥ ጉድጓድ በቀን 20 ሰዓት ቢሠራ 720 ሺህ ሊትር ይወጣዋል። በሁለተኛው የዕድገትና ትራንስፎርሜሽን ዕቅድ ለአንድ የገጠር ነዋሪ በቀን በተቀመጠው 25 ሊትር ቢካፈል ለ28,800 ሰው ይበቃል። ጄሪካን አዝላ በፋብሪካው አጥር ሥር የምታልፍ እናት ይህን ለማወቅ ባለሙያ አያስፈልጋትም።

ክርክሩ የሚያዳላው ግን ለፋብሪካው ነው። የእሱ ጉድጓድ ፋይል አለው፦ የቁፋሮ መዝገብ፣ የፓምፕ ሙከራ ውጤት፣ ማኅተም ያረፈበት ፈቃድ። የውኃ ሀብት አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 197/1992 በእጅ ለሚቆፈር ጉድጓድ ፈቃድ አይጠይቅም። ሐሳቡ ደግ ነው፤ ገበሬ ለሚጠጣው ውኃ ቢሮ ለቢሮ አይንከራተት። ሆኖም ፈቃድ የሌለው ጉድጓድ ፋይል የለውም፤ አምና ውኃው ስንት ሜትር ላይ እንደነበር የሚያሳይ ወረቀትም አይገኝም። አዋጁ ለቤት ውስጥ ፍጆታ ቅድሚያ ይሰጣል፤ ምን ያህል እንደጎደለ ካልታወቀ ግን ቅድሚያው ከወረቀት አያልፍም። ያለ ልኬት የሚደረግ ስብሰባ ውኃ ቢወቅጡት እንቦጭ ነው።

በሕንድ ኬረላ ግዛት፣ ፕላቺማዳ በተባለች መንደር የሆነውን ለሥራ ባልደረቦቼ ደጋግሜ አነሳለሁ። የኮካኮላ ፋብሪካ እ.ኤ.አ. በ2000 ሥራ ጀመረ። ነዋሪዎቹ «ጉድጓዶቻችን ጎደሉ፣ ውኃውም ተበላሸ» ብለው በ2002 በሩ ላይ ተቀመጡ፤ ከመሪዎቹ አንዷ ከነባር ጎሳ የተወለዱት ማይላማ ነበሩ። በ2003 የአካባቢው ምክር ቤት ፈቃዱን አላድስም አለ፤ በ2004 ፋብሪካው ሥራ አቆመ። የግዛቱ ከፍተኛ ፍርድ ቤት በ2003 በአንድ ዳኛ ችሎት የከርሰ ምድር ውኃ የሕዝብ አደራ ነው ሲል ፈረደ፤ በ2005 ደግሞ ሰፋ ያለው ችሎት በባለሙያዎች ጥናት ላይ ተመርኩዞ በቀን እስከ 500 ሺህ ሊትር እንዲሳብ ፈቀደ። ጥፋቱ የፓምፑ ነው ወይስ የዝናብ እጥረት? ሙግቱ ዓመታት ፈጀ፤ ነዋሪው ያን ሁሉ ጊዜ ውኃ ከሩቅ ይቀዳ ነበር።

መፍትሔው ያን ያህል ውድ አይደለም። ቁፋሮ ከመጀመሩ በፊት በዙሪያው ያሉ የእጅ ጉድጓዶችና ምንጮች ባለቤቶቻቸው እያዩ ይለኩ፤ አንዴ በበጋ፣ አንዴ ከክረምት በኋላ። ድርጅቱ በራሱ ወጪ የመመልከቻ ጉድጓድ ያስቆፍር፤ ንባቡ በየወሩ በቀበሌ ጽሕፈት ቤት ይለጠፍ፤ ፈቃድ ሲታደስም ይኸው ይታይ። የ72 ሰዓት የፓምፕ ሙከራ በተከታታይ ሦስት በጋ የሚሆነውን አያሳይም።

ባለሀብቶች «ጊዜ ይፈጅብናል» ይሉኛል። ልኬቱ ግን እነሱንም ይጠብቃል፤ ጉድጓዶቹ በዝናብ እጥረት ከጎደሉ የሚመሰክርላቸው እሱ ነው። ጎረቤቱ እንዳይለካ የሚፈልግ ድርጅት ሲገጥመኝ፣ ነዋሪው ለምን መንገድ ዘጋ ብዬ አልጠይቅም።