የኮሌጅ ኳስ ገበያ፦ ዋጋው በጨዋታው ነው ወይስ በቤት ቁጥር?

እ.ኤ.አ. ኦገስት 4 ቀን 2023 የአሜሪካ ምዕራብ ጠረፍ ዩኒቨርሲቲዎች የስፖርት ማኅበር የሆነው ፓክ-12 በአንድ ቀን ብቻ አምስት አባላቱን አጣ። ኦሪገንና ዋሽንግተን ወደ ቢግ ቴን፣ አሪዞና፣ አሪዞና ስቴትና ዩታ ደግሞ ወደ ቢግ 12 መሻገራቸው ታወቀ። ሁለቱ የሎስ አንጀለስ ዩኒቨርሲቲዎች ዩ.ኤስ.ሲ. እና ዩ.ሲ.ኤል.ኤ. መልቀቃቸውን ያስታወቁት ከዓመት በፊት ሲሆን፣ ኮሎራዶም ባለፈው ሳምንት ተከትሏቸው ነበር። አንድ ወር ሳይሞላ ስታንፎርድና ካሊፎርኒያ በርክሊም ወጡ። ታሪኩ ከ1915 የሚቆጠረው ማኅበር በኦሪገን ስቴትና በዋሽንግተን ስቴት ብቻ ቀረ። (በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ነገሩን አስገራሚ የሚያደርገው ሸቀጡ ያልተበላሸ መሆኑ ነው። ማኅበሩ በፈረሰበት የጨዋታ ዘመን የዋሽንግተን ቡድን አንድም ጊዜ ሳይሸነፍ ለብሔራዊ ሻምፒዮና ፍጻሜ ደርሷል፤ የተሸነፈውም በመጨረሻዋ ጨዋታ በሚሺጋን ነው። የተበላሸው ሽያጩ ነበር። ጥሩ ዕቃ ይዞ ገበያ መውጣትና ጥሩ ዋጋ ማግኘት የተለያዩ ነገሮች መሆናቸውን ለማየት ከዚህ የተሻለ ምሳሌ አይገኝም።

ሻጩ ማን ነው?

የአሜሪካ ዩኒቨርሲቲዎች የስፖርት ገቢ በአብዛኛው የሚመጣው በእጅ ከሚጫወቱት የአሜሪካ እግር ኳስ ነው። ዩኒቨርሲቲዎቹ ኮንፈረንስ በሚባሉ ማኅበራት ተሰባስበው እርስ በርስ ይጫወታሉ። ለነጋዴ ዋናው ቁም ነገር ግን ኮንፈረንሱ ሻጭ መሆኑ ነው። የአባላቱን የቴሌቪዥን መብት በአንድ ላይ አስሮ ለጣቢያዎች ይሸጣል፤ ገንዘቡን ለአባላቱ ያከፋፍላል። ከታላላቆቹ ብቻውን የቀረው የኖትር ዳም እግር ኳስ ቡድን ሲሆን፣ እርሱም ከ1991 ጀምሮ የሜዳውን ጨዋታዎች ለኤን.ቢ.ሲ. ለብቻው ይሸጣል።

ገበያው ሁልጊዜ እንዲህ አልነበረም። እስከ 1984 ድረስ ሻጩ አንድ ብቻ ነበር፤ እርሱም የኮሌጅ ስፖርት የበላይ አካል የሆነው ኤን.ሲ.ኤ.ኤ. ነው። አንድ ቡድን ስንት ጊዜ በቴሌቪዥን መታየት እንደሚችል የሚወስነው ይኸው አካል ነበር። የኦክላሆማና የጆርጂያ ዩኒቨርሲቲዎች ከሰሱ፤ የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤትም በ7 ለ2 ድምፅ አሠራሩ የፀረ ሞኖፖሊ ሕግን ይጥሳል ሲል ፈረደ። በሐሳብ ከተለዩት ሁለት ዳኞች አንዱ ባይረን ኋይት ራሳቸው በወጣትነታቸው ስመ ጥር የኮሌጅ ተጫዋች ነበሩ።

ሞኖፖሊው ሲፈርስ መጀመሪያ የደረሰው በየትኛውም ገበያ የሚደርሰው ነው። አቅርቦት በዛ፤ ጨዋታዎች ስክሪኑን አጥለቀለቁት፤ የአንድ ጨዋታ ዋጋም ወደቀ። ከዚያ በኋላ ትልቅ ስም ያላቸው ቡድኖች ከደካሞቹ ጋር በአንድ ጆንያ መሸጥ እንደማያዋጣቸው ተገነዘቡ። ዛሬ የኮንፈረንስ ሽግሽግ የሚባለው ከዚህ ስሌት የተወለደ ነው። የደቡብ ምሥራቁ ኮንፈረንስ ኤስ.ኢ.ሲ. አርካንሳስንና ሳውዝ ካሮላይናን ጨምሮ አባላቱን 12 በማድረስ በ1992 የራሱን የፍጻሜ ጨዋታ ጀመረ። በ1996 ደግሞ የቴክሳስ ታላላቅ ቡድኖች ይገኙበት የነበረው ሳውዝዌስት ኮንፈረንስ ፈረሰ፤ ከአባላቱ አራቱ ከቢግ ኤይት ጋር ተዋህደው ቢግ 12ን መሠረቱ።

ሃምሳ ሎሚ ለሃምሳ ሰው

ትልቁ ለውጥ የመጣው በ2007 ነው። ቢግ ቴን ከፎክስ ጋር ሆኖ የራሱን የኬብል ጣቢያ ከፈተ። የኬብል ንግድ የሚሠራው በጥቅል ነው፤ ደንበኛው የሚፈልገውንም የማይፈልገውንም ጣቢያ በአንድ ሂሳብ ይከፍላል። ጣቢያው ከእያንዳንዱ ደንበኛ ቤት በወር የተወሰነ ሳንቲም ይደርሰዋል፤ ቤቱ ውስጥ ጨዋታውን የሚያይ ሰው ይኑር አይኑር ለውጥ የለውም። «ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ» እንደሚባለው፣ ክፍያው በብዙ ቤት ላይ ሲበተን ማንም አይሰማውም፤ ሰብሳቢው ዘንድ ሲደርስ ግን ተራራ ነው።

የዋጋው አተማመን ደግሞ በጂኦግራፊ ነበር። ኮንፈረንሱ አባል ዩኒቨርሲቲ ባለበት አካባቢ የሚጠየቀው ወርሃዊ ክፍያ ከሌላው አካባቢ በብዙ እጥፍ ይበልጣል። ለስሌት ያህል፣ 1 ሚሊዮን የኬብል ቤት ባለበት ክልል በየቤቱ በወር 10 ሳንቲም ቢከፈል በዓመት 1.2 ሚሊዮን ዶላር ይሆናል። እዚያው ክልል አንድ አባል ተገኝቶ ክፍያው ወደ 1 ዶላር ቢያድግ 12 ሚሊዮን ዶላር ይገባል። አዲሱ አባል ጨዋታ ቢያሸንፍም ቢሸነፍም ሂሳቡ አይቀየርም።

ቢግ ቴን በ2012 ሜሪላንድንና ራትገርስን ለመቀበል መወሰኑን ሲያስታውቅ ብዙ የስፖርት ተመልካች የተደነቀው በዚህ ምክንያት ነው። ሁለቱም በእግር ኳስ አስፈሪ አልነበሩም። ነገር ግን ሜሪላንድ የዋሽንግተንና የባልቲሞርን፣ ራትገርስ የኒው ዮርክን የቴሌቪዥን ገበያ በር ይከፍታሉ። ሜሪላንድ የቀድሞ ማኅበሩን ኤ.ሲ.ሲ.ን ለመልቀቅ 31 ሚሊዮን ዶላር ገደማ ከፍሏል፤ ስሌቱ ግን እንደሚያዋጣው ነግሮታል። ብዙ ኢትዮጵያውያን የሚኖሩባት ሲልቨር ስፕሪንግ ከሜሪላንድ ዩኒቨርሲቲ የጥቂት ደቂቃ መንገድ ናት። ኬብል ያስገባና የአሜሪካን ኳስ አይቶ የማያውቅ የሲልቨር ስፕሪንግ ነዋሪም ቢሆን ለዚህ ስምምነት ድርሻውን ሳያዋጣ አልቀረም።

የቤት ቆጠራው ሲያበቃ

ይሁንና በቤት ቁጥር ላይ የቆመ ንግድ ቤቶቹ ሲወጡ ይናጋል። ኢ.ኤስ.ፒ.ኤን. በ2011 አካባቢ ወደ 100 ሚሊዮን ቤት ይደርስ ነበር። ሰዎች ኬብል እያቋረጡ በኢንተርኔት ወደሚሰራጩ አገልግሎቶች በማለፋቸው ከአሥር ዓመት በኋላ ከዚያ ሩብ ያህሉ ጠፍቷል። በኢንተርኔቱ ገበያ የማይፈልግ አይከፍልም። በመሆኑም ጣቢያዎች የሚጠይቁት ጥያቄ ተለወጠ። ቀድሞ «ይህ ዩኒቨርሲቲ የሚገኝበት ከተማ ስንት ቤት አለው?» ይሉ የነበሩት፣ አሁን «ይህን ቡድን ለማየት ስንት ሰው ቴሌቪዥን ይከፍታል?» ይላሉ።

ከ2021 ወዲህ ያለው ሽግሽግ የሚመራው በሁለተኛው ጥያቄ ነው። በዚያ ዓመት ቴክሳስና ኦክላሆማ ወደ ኤስ.ኢ.ሲ. ለመሄድ ወሰኑ፤ በ2024ም ተቀላቀሉ። ኤስ.ኢ.ሲ. ዋናውን የቅዳሜ ጨዋታ ለሲ.ቢ.ኤስ. በዓመት በ55 ሚሊዮን ዶላር ይሸጥ ነበር፤ ከ2024 ጀምሮ በኢ.ኤስ.ፒ.ኤን. የተተካው ውል በዓመት 300 ሚሊዮን ዶላር ገደማ እንደሚያወጣ ተዘግቧል። ቢግ ቴን ደግሞ ሁለቱን የሎስ አንጀለስ ዩኒቨርሲቲዎች በያዘ በሁለት ወር ውስጥ ከፎክስ፣ ከሲ.ቢ.ኤስ. እና ከኤን.ቢ.ሲ. ጋር የሰባት ዓመት ውል ፈረመ። ዋጋው ከ7 ቢሊዮን ዶላር በላይ መሆኑ ተነግሯል።

ፓክ-12 የት ላይ ተሳሳተ?

የፓክ-12 የመጀመሪያ ስህተት በ2012 የራሱን ጣቢያዎች ያለ አጋር መክፈቱ ነው። ቢግ ቴን ፎክስን አጋር በማድረጉ ከኬብል ድርጅቶች ጋር የሚደራደርለት ጉልበተኛ አገኘ። ፓክ-12 ትርፉን ላለመካፈል ሲል ብቻውን ገባ፤ ታላቁ የሳተላይት አሠራጭ ዳይሬክቲቪ ግን ጣቢያዎቹን አልወሰዳቸውም። ሙሉ በሙሉ የራስ የሆነ፣ ነገር ግን ገዢ ያጣ ሱቅ ሆነ።

ሁለተኛው ስህተት የጊዜ ነው። ውሉ በ2024 የሚያልቅ ሆኖ ሳለ ቢግ 12 ቀድሞት ገበያ ገባ፤ በኦክቶበር 2022 ከኢ.ኤስ.ፒ.ኤን. እና ከፎክስ ጋር ለስድስት ዓመት በ2.28 ቢሊዮን ዶላር ተስማማ። ለእያንዳንዱ አባል በዓመት 31 ሚሊዮን ዶላር ገደማ የሚያደርስ ነው። ፓክ-12 የተሻለ ዋጋ ሲጠብቅ የጣቢያዎቹ በጀት አለቀ፤ በመጨረሻ በእጁ የቀረው ከአፕል የመጣ፣ ገቢው በተመዝጋቢዎች ቁጥር ከፍና ዝቅ የሚል ሐሳብ ነበር። አባላቱ እርግጠኛውን ገንዘብ መረጡ። ኦሪገንና ዋሽንግተን ቢግ ቴን የገቡት ከነባሮቹ ግማሽ ያህል ድርሻ ተቀብለው ነው። ስታንፎርድና ካሊፎርኒያ በኤ.ሲ.ሲ. ለሰባት ዓመት 30 በመቶ ድርሻ ብቻ ለመውሰድ ተስማሙ። የዳላሱ ኤስ.ኤም.ዩ. ደግሞ የኤ.ሲ.ሲ. አባል ለመሆን ሲል ለዘጠኝ ዓመት የቴሌቪዥን ገንዘብ ላይጠይቅ ፈረመ። ለነፃ አባልነት የሚሰለፍ ሻጭ በበዛበት ገበያ ዋጋ የሚተምነው ገዢው ነው።

ሰንሰለቱ ይበጠሳል?

ማኅበራቱ አባላት እንዳይሸሹ የሚይዙበት መሣሪያ የመብት ማስተላለፊያ ውል ነው። አባሉ የሜዳውን ጨዋታዎች የቴሌቪዥን መብት እስከ ውሉ ማብቂያ ለኮንፈረንሱ ያስረክባል፤ ቢለቅ እንኳ መብቱ ኋላ ይቀራል። የኤ.ሲ.ሲ. ውል እስከ 2036 የሚዘልቅ ነው። ረጅም ውል ዋጋ በሚንርበት ገበያ መያዣ መሆኑ ቀርቶ እስር ይሆናል። በ2023-24 የበጀት ዓመት ቢግ ቴን ለነባር አባላቱ ከ60 ሚሊዮን ዶላር በላይ ሲያከፋፍል፣ የኤ.ሲ.ሲ. አማካይ 45 ሚሊዮን ዶላር አካባቢ ነበር። ፍሎሪዳ ስቴትና ክሌምሰን ከማኅበራቸው ጋር በፍርድ ቤት የተካሰሱት በዚህ ልዩነት ነው። በማርች 2025 የታረቁት ከገቢው አብዛኛው በተመልካች ብዛት እንዲከፋፈል፣ የመውጫ ክፍያውም ከዓመት ዓመት እየቀነሰ በ2030-31 ወደ 75 ሚሊዮን ዶላር እንዲወርድ በመስማማት ነው።

ይህ ቁጥር ሊጤን የሚገባው ነው፤ ጊዜው ከሌሎች ውሎች ማብቂያ ጋር ይገጥማልና። የቢግ ቴን ውል በ2029-30፣ የቢግ 12 በ2030-31፣ የብሔራዊው ሻምፒዮና የማጣሪያ ውድድር ውል ደግሞ በ2031-32 ያበቃል። የመውጫ በሩ የሚረክሰው ገዢዎች እንደገና ገበያ በሚወጡበት ወቅት ነው ማለት ነው። ቀጣዩ ትልቅ ሽግሽግ የሚጠበቀውም በዚያን ጊዜ ነው።

ወጪውም እየጨመረ ነው። በጁን 2025 በጸደቀው የፍርድ ቤት ስምምነት መሠረት ዩኒቨርሲቲዎች በመጀመሪያው ዓመት እስከ 20.5 ሚሊዮን ዶላር ለአትሌቶቻቸው በቀጥታ መክፈል ተፈቅዶላቸዋል። ከዚህ በፊት ትርፍ የነበረው የቴሌቪዥን ገንዘብ ከእንግዲህ ደመወዝ ነው። ገንዘቡ የሌለው ተጫዋች ያጣል፤ ተጫዋች ያጣ ተመልካች ያጣል፤ ተመልካች ያጣም በሚቀጥለው ውል ይረክሳል።

ኦሪገን ስቴትና ዋሽንግተን ስቴት ስሙን ይዘው በ2024 ከሌላ ማኅበር ቦይሲ ስቴትንና ሳንዲዬጎ ስቴትን የመሳሰሉ ቡድኖችን በማስኮብለል ፓክ-12ን ከ2026 የጨዋታ ዘመን ለማቋቋም ተነሡ። የተፈጸመባቸውን እነርሱም በሌላው ላይ ፈጸሙ። በሎስ አንጀለስ ያሉት የቀድሞ ጓደኞቻቸው ደግሞ የሊግ ጨዋታ ለማድረግ ወደ ኒው ጀርሲ 4 ሺሕ ኪሎ ሜትር ያህል ይበራሉ። የአውሮፕላኑ ወጪ ተሰልቶ በውሉ ውስጥ ተካትቷል፤ ከመቶ ዓመት ጎረቤት ጋር በየዓመቱ መጫወት ስንት ያወጣ እንደነበር ግን ለዋጋ ድርድሩ የቀረበ አልነበረም።