የማይታየውን ልዩነት የሚያነብ ምርመራ

ከአቡ ዳቢ ዓለም አቀፍ አውሮፕላን ማረፊያ ብዙም ሳይርቅ የሚገኘው አል ፈላሕ ሰፊ የመኖሪያ ሰፈር ነው። በአቡ ዳቢና በአል ዓይን የአገሩ ተወላጆችና ከእስያና ከአፍሪካ ለሥራ የመጡ ሰዎች ይኖራሉ። ኢትዮጵያውያንም ከእነዚሁ መካከል ናቸው። የነዋሪው የዘር ሐረግ እንዲህ በተለያየበት ከተማ የአንዱ ኩላሊት ወይም መቅኔ ለሌላው መስማማቱን በትክክል ማወቅ የሕይወት ጉዳይ ነው።

የተባበሩት ዓረብ ኤሜሬትስ እ.ኤ.አ. በ2016 ባወጣችው ሕግ ሕይወታቸው ካለፈ ለጋሾች አካል የሚወሰድበትን ሥርዓት ደንግጋለች። በዚህ ዓይነቱ ልገሳ ለጋሹና ተቀባዩ አብዛኛውን ጊዜ ዝምድና ስለሌላቸው፣ ስለ መጣጣማቸው የሚመሰክረው የላቦራቶሪ ውጤት ነው።

ሰውነት የራሱን ከባዕድ የሚለየው በሴሎች ገጽ ላይ ባሉ ኤችኤልኤ በተባሉ ምልክቶች አማካይነት ነው። ፈረንሳዊው ሐኪም ዣን ዶሴ የመጀመሪያውን ምልክት እ.ኤ.አ. በ1958 ገልጸው፣ በ1980 የኖቤል ሽልማት ተቀብለዋል። ምልክቶቹን የሚወስኑት ጂኖች በስድስተኛው ክሮሞዞም ላይ ይገኛሉ። ከአንድ እናትና አባት የተወለዱ ሁለት ልጆች ሙሉ በሙሉ የመመሳሰል ዕድላቸውም ከአራት አንድ ነው።

ቀዳሚው የምርመራ ዘዴ ሴሮሎጂ ይባላል። ፖል ቴራሳኪ እ.ኤ.አ. በ1964 ባስተዋወቁት ስልት ሕያው ነጭ የደም ሴል ብዙ ከወለዱ እናቶች ከተወሰደ ሴረም ጋር ይገናኛል፤ ሴሉ ከሞተ ምልክቱ አለ ማለት ነው። ይሁን እንጂ ሴረሙ በአመዛኙ የተሰበሰበው ከአውሮፓውያን ዝርያ ስለነበር፣ በአፍሪካውያንና በእስያውያን ዘንድ የሚገኙ በርካታ ዓይነቶች ሳይለዩ ይታለፉ፣ ወይም ተቀራራቢያቸው ተብለው ይመዘገቡ ነበር። ነጭ የደም ሴሉ የተመናመነ ሕመምተኛንም በዚህ መንገድ መመርመር አዳጋች ነው።

በዲኤንኤ ላይ የተመሠረተው ዘዴ ግን የሴሉን ገጽ ሳይሆን የጂኑን ፊደል ያነብባል። ሕያው ሴል አይሻም፤ ከጉንጭ ውስጥ የተጠረገ ናሙናም ይበቃዋል። እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ መጀመሪያ የሃይደልበርግ ተመራማሪዎች በሴሮሎጂ የተለዩ ናሙናዎችን በዲኤንኤ ደግመው ሲመረምሩ፣ ዲአር በተባለው ምልክት ረገድ ከአራቱ የአንዱ ያህል ውጤት የተሳሳተ ሆኖ ተገኝቷል። በሴሮሎጂ አንድ መስሎ የሚታየው «ኤ2» በዲኤንኤ ሲነበብ በርካታ ዓይነቶች አሉት። ለመቅኔ ንቅለ ተከላ ይህ ጥቃቅን ልዩነት እጅግ ወሳኝ ነው።

ይህ ሲባል ሴሮሎጂ ጨርሶ ተሽሯል ማለት አይደለም። አንዳንድ ጂኖች በዲኤንኤ ቢነበቡም በሴሉ ገጽ ላይ ምልክት አያወጡም፤ ይህን የሚያረጋግጠው የሴሉን ገጽ የሚያየው ምርመራ ነው። በተቀባዩ ደም ውስጥ የለጋሹን ሴል የሚያጠቃ ፀረ እንግዳ አካል መኖር አለመኖሩም ለብቻው ይመረመራል።

በአገራችን በቅዱስ ጳውሎስ ሆስፒታል ሚሊኒየም ሕክምና ኮሌጅ የኩላሊት ንቅለ ተከላ የተጀመረው በመስከረም 2008 ዓ.ም. ነው፤ ለጋሾቹም በሕይወት ያሉ ዘመዶች ናቸው። በአዲስ አበባም ሆነ በአቡ ዳቢ ኩላሊቱን ለወንድሙ ሊሰጥ የተነሣ ሰው ውጤቱ በየትኛው ዘዴ እንደተገኘ ሐኪሙን ቢጠይቅ ተገቢ ነው። ስጦታው ዳግመኛ አይተካምና።