ፓይለቱ ምን ተነግሮት ነበር?

የተከሰከሰው የኢትዮጵያ አየር መንገድ በረራ 302 ጉዳይ በተነሣ ቁጥር ክርክሩ ያው ነው፤ ጥፋቱ የፓይለቱ ነው ወይስ የአየር መንገዱ? በካሣ ሕግ ዓይን ይህ ክርክር ብዙም ፍሬ የለውም። ኢትዮጵያ በተቀበለችው የሞንትሪያል የአየር ጉዞ ካሣ ስምምነት መሠረት መንገደኛው የሚጠይቀው አጓጓዡን ነው፤ ካፒቴኑ ቢሳሳት እንኳ መልስ ሰጪው ቀጣሪው ይሆናል። ከሮቤ ወደ አዲስ አበባ ትኬት የሚቆርጥ የባሌ ሰውም አደራውን የሚሰጠው ለድርጅቱ እንጂ ፊቱን ለማያየው ካፒቴን አይደለም።

በሁለቱ መካከል ስንሟገት የሚያመልጠን ግን ሌላ ነው፦ ፓይለቱ ስለሚያበረው አውሮፕላን ምን ተነግሮት ነበር?

መጋቢት 1 ቀን 2011 ዓ.ም. ከጠዋቱ 2:38 ካፒቴን ያሬድ ጌታቸውና ረዳት አብራሪው አሕመድኑር መሐመድ 157 ሰው ያሳፈረውን ቦይንግ 737 ማክስ ከቦሌ አስነሡ። ካፒቴኑ በ29 ዓመቱ ከ8,000 ሰዓት በላይ በርሯል፤ ረዳቱ ገና 361 ሰዓት ነበረው። ወዲያው አውሮፕላኑ ነፋሱን የሚገጥምበትን አንግል የሚለካው የግራ ሴንሰር 74.5 ዲግሪ አነበበ፤ የቀኙ 15 ግድም። ኤምካስ የተባለው ሶፍትዌር የተሳሳተውን የግራውን ብቻ አምኖ አፍንጫውን ወደ መሬት ይደፋው ጀመር። አብራሪዎቹ ቦይንግ እንዳዘዘው ኤምካስን የሚገቱትን የኤሌክትሪክ ማብሪያ ማጥፊያዎች አጠፉ። መመሪያው ቀጥሎ አፍንጫውን በእጅ በሚዞረው መዘውር አስተካክሉ ይላል። ረዳቱ ሞከረ፤ እንደማይሠራ ለካፒቴኑ ነገረው። ፍጥነቱ ንሮ ስለነበር መዘውሩ በሰው ጉልበት የሚዞር አልነበረም። ከተነሡ በ6 ደቂቃ ውስጥ አውሮፕላኑ ቢሾፍቱ አቅራቢያ ተከሰከሰ፤ የተረፈ ሰው አልነበረም።

ፍጥነቱ ሲንር የሞተሩ ኃይል ሳይቀነስ መቆየቱ እውነት ነው። የአሜሪካና የፈረንሳይ መርማሪዎችም የኤምካስን ድርሻ ሳይክዱ፣ የኢትዮጵያ የመጨረሻ ሪፖርት ለአብራሪዎቹ አሠራር በቂ ቦታ አልሰጠም ብለዋል። ይህን ቅሬታ ማጣጣል አይገባም፤ አየር መንገዱም መርማሪው ቢሮም የአንድ መንግሥት ናቸው። አሜሪካም ብትሆን የአምራቹ አገር ናት።

ለእኔ ግን የነገሩ ሥር ያለው በሽያጭ ውሉ ውስጥ ነው። ቦይንግ ማክስን ለገበያ ያቀረበው የቀድሞውን 737 የሚያበሩ ፓይለቶች ተጨማሪ የሲሙሌተር ሥልጠና አያስፈልጋቸውም በማለት ነው። ለአሜሪካው ሳውዝዌስት አየር መንገድ፣ ሲሙሌተር ግድ ከሆነ በእያንዳንዱ አውሮፕላን 1 ሚሊዮን ዶላር ሊቀንስለት ተዋውሎ ነበር። ስለ ኤምካስ በዝርዝር መንገር ሥልጠና ያስጠይቃል፤ ሥልጠና ደግሞ ገንዘብ ያስወጣል። ስለዚህ ኤምካስ ከአብራሪዎቹ መመሪያ ውጭ ቀረ። አብዛኞቹ አብራሪዎች ስሙን የሰሙት በጥቅምት 2011 ዓ.ም. በኢንዶኔዥያው ላየን ኤር የማክስ አደጋ 189 ሰዎች ካለቁ በኋላ ነው። የአዲስ አበባው አውሮፕላን እስኪወድቅ 5 ወር እንኳ አልሞላም።

አንድ አየር መንገድ ያልተነገረውን ለሠራተኛው ሊያስተምር አይችልም። ከላየን ኤር አደጋ በኋላ በደረሰው የመመሪያ ወረቀት ላይ ምን ያህል ልምምድ እንዳሠራ ግን መጠየቅ አለበት፤ ወረቀት ማንበብና በሲሙሌተር ውስጥ መዘውሩን በእጅ መታገል ለየቅል ናቸው።

ቦይንግ በ2013 ዓ.ም. ከአሜሪካ የፍትሕ ሚኒስቴር ጋር በ2.5 ቢሊዮን ዶላር ተስማማ፤ በዓመቱ በችካጎ ፍርድ ቤት ለሟች ቤተሰቦች ካሣ ኃላፊ መሆኑን አመነ። ዋና ሥራ አስፈጻሚው ዴኒስ ሙይለንበርግ ከ60 ሚሊዮን ዶላር በላይ የሚያወጣ ጥቅማ ጥቅም ይዞ ተሰናበተ። በወንጀል የተከሰሰው ግለሰብ አንድ ብቻ ነው፤ የኩባንያው የቀድሞ ዋና ቴክኒካል ፓይለት። በመጋቢት 2014 ዓ.ም. እሱም በነጻ ተለቀቀ።