የመኖ ቅመራው ምስጢር የማን ነው?

በዶሮ መኖ ማቀነባበሪያ ለዓመታት ያገለገለ ወጣት ለቆ የራሱን ወፍጮ ሊተክል ቢነሣ፣ ቀድሞ የፈረመው «በተመሳሳይ ሥራ አልሰማራም» የሚል ውል የእንጀራ ገመዱን ይበጥስበታልን? ጉዳዩ በአብዛኛው ይዞት በሚወጣው ነገር ላይ ይመሠረታል።

በቆሎና የኑግ ፋጉሎ መፍጨትን፣ ማደባለቅን፣ የእህሉን እርጥበት መለየትን የለመደ ሰው ሙያው የራሱ ነው። ድርጅቱ በልፋት የደረሰበት የቅመራ መጠንና የደንበኞች መዝገብ ግን የባለቤቱ ሀብት ናቸው። የንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813/2006 የሌላውን መረጃ ያለ ባለመብቱ ፈቃድ፣ ከመልካም የንግድ አሠራር ውጭ መያዝን፣ መግለጥንና መጠቀምን ካልተገባ ውድድር ይቆጥረዋል።

ሠራተኛው ከመፈረሙ በፊት የትኛው ሥራ፣ በየትኛው ወረዳ፣ ለስንት ጊዜ እንደተከለከለ ተጽፎ ማየት ይገባዋል። ወሰን የሌለው ክልከላ ሙያውን ራሱን ያስረዋልና።

ባለቤቱም ቅመራውን ግድግዳ ላይ ለጥፎ ለወጪ ወራጁ እያሳየ ኖሮ በኋላ «ተሰረቅሁ» ቢል ሰሚ ማግኘቱ ያጠራጥራል፤ ወረቀቱን መቆለፍ፣ የሚያውቁትንም ሰዎች መወሰን ይጠበቅበታል። ሌላው መንገድ ፓተንት ነው። በአዋጅ ቁጥር 123/1987 መሠረት ለ15 ዓመት ይሰጣል፣ በ5 ዓመትም ሊራዘም ይችላል፤ ፈጠራው ግን በማመልከቻው በግልጽ መጻፍ አለበት። የተለመደ የዶሮ መኖ ቅመራ ደግሞ ፓተንት የሚጠይቀውን አዲስነት የሚያሟላው ከስንት አንዴ ነው።