ስለ ግሥና ስለ ቃላት ሥራ

ሰው በልብሱ ሳይሆን በሥራው እንዲታወቅ፥ ቃልም በመልኩ ሳይሆን በዐረፍተ ነገር ውስጥ በሚሠራው ሥራ ይታወቃል። ይህን ያልተረዳ ሰው ፊደል ቢቈጥርም፥ ያነበበውን አጣርቶ ለማወቅና የጻፈውን ለሌላ ለማስረዳት ይቸገራል። ስለዚህ ወላጆች ለልጆቻቸው ሊነግሩ የሚችሉትን ጥቂት ምሳሌ ከዚህ ቀጥለን እንጽፋለን።

የግሥ ትምህርት ለአገራችን እንግዳ አይደለም። በቅኔ ቤት ተማሪው ግሥ ያጠናል፤ ቀተለንና ቀደሰን ዐውቆ ሌላውን በነርሱ አምሳል ያረባል። የጀርመኑ ሊቅ ኢዮብ ሉዶልፍ በፈረንጆች አቈጣጠር በ1698 ዓ.ም. በፍራንክፉርት ላሳተመው የዐማርኛ ሰዋስው መምህሩ የመካነ ሥላሴው አባ ጎርጎርዮስ ነበሩ። ብላታ መርስዔ ኀዘን ወልደ ቂርቆስም የንግግርን ክፍሎች ስምንት አድርገው፥ ስም፥ ተውላጠ ስም፥ ቅጽል፥ ግሥ፥ ተውሳከ ግሥ፥ መስተዋድድ፥ መስተፃምርና ቃለ አጋኖ ብለው አስተምረዋል። በ1987 ዓ.ም. የታተመው የባየ ይማም መጽሐፍ ግን በአምስት ይከፍላቸዋል። ቍጥሩ ቢለያይም ግሥ ከሁለቱም አልቀረም።

ምሳሌውን ከገበያ እንውሰድ። በሰንበቴ የእሑድ ገበያ ኦሮሞው፥ ዐማራው፥ አፋሩና አርጎባው ይገናኛል። «ሸጠ» ከሚለው ከአንዱ ግሥ፥ አድራጊው «ሻጭ»፥ ነገሩ «ሽያጭ»፥ ስፍራው «መሸጫ» ይወለዳሉ። «ሰንበቴ» የሚለው ቃል ራሱም በአንድ ወገን የከተማ ስም፥ በሌላ ወገን ምእመናን በሰንበት የሚሰበሰቡበት ማኅበር ነው። በዚሁ አገር ኦሮምኛ ተናጋሪ የሆነ ልጅ «ማነ ጉዳ» ይላል፤ ቅጽሉን ከስሙ በኋላ ያኖራልና። እንግዲህ ይህ ልጅ በዐማርኛ «ቤት ትልቅ» ቢል፥ የእናቱን ቋንቋ ሥርዓት ጠብቆ ስለ ሆነ ሊሣቅበት አይገባም። «ትልቅ ቤት» የሚለውን በፍቅር ማሳየት ይበቃል። ግሥን በመጨረሻ በማኖር ግን ሁለቱ ቋንቋዎች ይስማማሉ።

አንድ ቃልም ሥራውን ይለውጣል። «ፊቱን ታጠበ» ስንል ፊት ስም ነው፤ «ፊት የመጣው ይግባ» ስንል ግን ጊዜን ስለሚያመለክት ተውሳከ ግሥ ይሆናል። «ሰባራ ወንበር» ሲባል ሰባራ ቅጽል ነው፤ «ሰባራውን አምጣ» ሲባል በስም ፈንታ ይቆማል። «ገና» ጠብቆ ሲነበብ የበዓል ስም፥ ላልቶ ሲነበብ ተውሳከ ግሥ ነው።

ይህ ሁሉ የቃል ጨዋታ ብቻ የሚመስለው ሰው ወደ ፍርድ ቤት ይምጣ። «ፈረደለት» እና «ፈረደበት» የሚለያዩት በአንዲት ፊደል ነው፤ ነገር ግን በዚያች ፊደል ምክንያት አንዱ መሬቱን ይዞ ሲገባ ሌላው ባዶ እጁን ይመለሳል። «ይሰማል» የሚለው ላልቶ ሲነበብ ዳኛው የሚሰማ፥ ጠብቆ ሲነበብ ነገሩ የሚሰማ ይሆናል። በውል ወረቀት «በሬው ተሸጠ» ተብሎ ቢጻፍ ሻጩ ማን እንደ ሆነ ግሡ አይናገርም፤ «በሬውን ሸጥሁ» ቢባል ግን አድራጊው በግሡ ውስጥ ይገኛል። ክርክር ሲነሣ ይህች ልዩነት ቀላል አይደለችም።

ስለዚህ ወላጆች ሆይ፥ ልጃችሁ ሲያነብ «ማን አደረገ? ለማን አደረገ? በማን ላይ አደረገ?» ብላችሁ ጠይቁት። መልሱን ከግሡ ውስጥ ፈልጎ ያገኝ ዘንድ አስለምዱት። እንዲህ ያደገ ልጅ፥ ጣቱን ቀለም ነክሮ ከመፈረሙ በፊት የተጻፈውን መርምሮ የሚያነብ ሰው ይሆናል።