ተጨማሪ መረጃ፦ አሚኖ አሲድና የአበሻ ዶሮ ጤና
የአበሻ ዶሮ ጭራ ስለምታድር መኖ አያሻትም የሚለው እምነት ሰፊ ነው። በርግጥ በክረምት ምስጥና ትላትል ለቅማ ፕሮቲን ታገኛለች፤ በበጋ ግን የሚደርሳት በአብዛኛው የእህል ጥራጊ ነው። በቆሎና ማሽላ ኃይል ቢሰጡም ላይሲን የተባለው አሚኖ አሲድ በእጅጉ ያንሳቸዋል። ጉዳቱ ደግሞ ዕድገትን በመግታት ብቻ አያበቃም። በሽታን የሚዋጉት ፀረ እንግዳ አካላት ራሳቸው ከአሚኖ አሲድ የሚገነቡ ፕሮቲኖች ናቸው። የአንጀትን ግድግዳ የሚሸፍነው ዝልግልግ ፈሳሽ ትሪዮኒን የተባለው አሚኖ አሲድ ከሌለ በቅጡ አይሠራም፤ ሽፋኑ ሲሳሳ ተህዋሲያን በቀላሉ ዘልቀው ይገባሉ። አርጂኒን የተባለውንም አሚኖ አሲድ ዶሮ በራሷ ማምረት ስለማትችል ከምግቧ ማግኘት ግድ ይላታል።

ፈንግል የተባለውን የዶሮ በሽታ የሚከላከለው ክትባት እንጂ መኖ አይደለም የሚል ይኖራል። ልክ ነው፤ ሆኖም ክትባቱ የሚቀሰቅሰው መከላከያ የሚገነባው ከዚያው ከመኖው በሚገኝ አሚኖ አሲድ ነው። ፕሮቲንን ያለ ልክ ማብዛትም መፍትሔ አይሆንም፤ ትርፉ ናይትሮጅን በኩስ ወጥቶ የዶሮ ቤቱን በአሞኒያ ይበክላል፣ የዶሮዎቹንም መተንፈሻ ይጎዳል። ወሳኙ የአሚኖ አሲዶቹ ስብጥር ነው። የኑግ ፋጉሎ ሜቲዮኒን በተባለው አሚኖ አሲድ ሲሻል በላይሲን ያንሳል፤ አኩሪ አተር ደግሞ በተቃራኒው ነው። ስለዚህ በተለይ ለጫጩቶች ሁለቱን ከበቆሎ ጋር አደባልቁ። ጥሬ አኩሪ አተር ግን የፕሮቲንን መፈጨት የሚያውክ ነገር ስላለበት ሳይቆላ አይሰጥም።